ሌላ ቄስ አልነበረም

የጓሳ ሜዳን ሰው «ዓመቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚቆጥርላችሁ መከራውን ነው። ገብሱን ውርጭ መታው፤ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ከረመ፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ ፊደሉን ረሱት። ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ጉሮሮውን ይጠራርግና «አንድ ነገር ግን አየን» ይላችኋል። አየሁ የሚለው ቄስ ሐብተ ማርያምን ነው፤ ሚስቱ በምጥ ተይዛ ስትጨነቅ የኅዳር ጽዮንን ቅዳሴ ሳያስታጉል ፈጽሞ የወጣውን ካህን። አገር የሚኮራበት ሲያጣ እንዲህ ነው፤ የሰው ቁስል አንሥቶ አንገቱ ላይ ያስራል።

የሆነው እንዲህ ነው። የበዓሉ ሌሊት ካህናቱ ማኅሌት ቆመው አድረው ሊነጋጋ ሲል የሐብተ ማርያም ጎረቤት አባይነሽ እያለከለከች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰች። እሱ እጁን ታጥቦ የቅዳሴ ልብሱን ሊለብስ ነበር። ሚስቱ ፋሲካ ምጡ ጠንቶባታል፣ ደምም እየፈሰሳት ነው፣ እናቷ እናኑ «በቃሬዛ ወደ ዳባት ሐኪም ቤት እናውርዳት፣ ተሸካሚ ላኩልን» ብላለች አለችው። ተሸካሚ የሚሆነው ወንድ ሁሉ ደግሞ ያን ሰዓት ለበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ባልየው አንድ ቃል ተንፍሶ ከፊት ቢወጣ ሁሉም እየሮጠ ይከተለው ነበር። ሆኖም ለዕለቱ ቅዳሴ የተመደቡት ቄሶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው። ያለ ሁለት ቄስ አይቀደስም፤ አንዴ ከተገባም ሳይፈጸም አይወጣም። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ይረዝማል፤ ከቅዳሴ መልስ ራሴም ጭምር ተሸክመን እንወርዳለን ብሎ ሴትዮዋን መለሳትና ገባ።

የበዓል ቅዳሴ ረጅም ነው። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሲያሰናብት ፀሐይ ከፍ ብላለች። ወንዶቹ ከዚያው ሮጠው ቃሬዛውን አነሡ። ቁልቁለቱን ጨርሰው አስፋልቱ ሳይደርሱ አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ፋሲካ ሴት ልጅ ወለደች፤ እዚያው ሞተች። ፋሲካ ሳቂታ ነበረች። ባሏ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጥምጥሙን ቀምታ በራሷ ላይ እየጠመጠመች «ኑ ተሳለሙ» የምትል፣ እሱንም በግዱ የምታስቅ ሴት ነበረች። ካህን ደግሞ ሁለተኛ አያገባም። ልጅነቱን ሳይጨርስ ያገኛት ሚስት የመጨረሻ ሚስቱ ሆነች፤ ያቺ ዛፍ ሥር የተወለደች ልጅም የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጁ።

አማቱ እናኑ ሐዘኑ ሳይነሣ ሕፃኗን አዝላ ጎንደር ገባች። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ኤሌኒ የምትባል ዘመዷ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። ለሰው ያለችው «ተኩሱ በዛ፣ ወተትም እዚያ ይሻላል» ነው። ለሐብተ ማርያም ግን ምንም አላለችም። ድሮ «ልጄ» ትለው የነበረችው ሴት ከቀብሩ ቀን ጀምሮ «አንቱ» ትለው ጀመር። ቄስ ነውና አክብራው ነው ያለ ሰው ይኖር ይሆናል። እሱ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል።

ምስጋናው የጀመረው ያኔ ነው። በቀብሩ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ ያለ ካህን አልታየም» አለ፤ በዐርባዋ ሌላው ደገመው፤ ከዚያ በየማኅበሩ፣ በየሰንበቴው እሱኑ ራሱን ንገረን ይሉት ጀመር። ሐብተ ማርያም መጀመሪያ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ኋላ ግን ነገረ፤ ነግሮም ቀለል አለው። ያለዚህ ምስጋና የቀረው ምንድን ነው? ባዶ ቤትና የኮሶ ዛፍ ብቻ። ስለዚህ ተናገረ፤ በተናገረው ቁጥር ወሬው እየተስተካከለ፣ እየለሰለሰ መጣ። እግረ መንገዱን ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ምን ላድርግ፣ ሌላ ቄስ አልነበረም» ይላል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። ሰው ሲመሰገን የማይወድ የለም፤ ቄስም ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የልጁ ሰማንያ ቀን ሲደርስ ጾመ ነነዌ ገብቶ ቅዳሴው በየቀኑ ነበርና መውረድ አልሆነለትም። እናኑ ስልኩን ስለማታነሣ በኤሌኒ በኩል «አስጠምቋት» ብሎ ላከ። ከዚያ ወዲህ የክርስትና ስሟን ሊያውቅ ቢደውል፣ ቢያስደውል ያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ኤሌኒ «እሱን እናኑ ትንገርዎት» ትላለች። ምስጢር የሚለውን የቤት ስሟን ያውቃል። ሰው በጸሎት የሚታሰበው ግን በክርስትና ስሙ ነው። የጓሳ ሜዳን ሕፃን ሁሉ ስም አውጥቶ ያነሣ ቄስ፣ በመቅደስ ቆሞ የሕያዋንን ስም ሲጠራ ልጁ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። አማቴ ስሙን የደበቀችብኝ ልትቀጣኝ ነው ብሎ አመነ፤ ተቀየመም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለ። የደወሉት መልአከ ሰላም አስናቀው፣ በጎንደር ከተማ ዳር የምትገኝ የአንዲት ደብር አስተዳዳሪ ናቸው። በዘመን መለወጫ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ አዘጋጅተዋል፤ ምእመናን ያለፈው ዓመት ምን እንዳሳያቸው፣ ምን እንዳስተማራቸው በዐውደ ምሕረቱ ቆመው ይናገራሉ። የጉባኤው መደምደሚያ ሐብተ ማርያም እንዲሆን ፈልገዋል፤ የኅዳሩን ነገር ይንገር፣ ሕዝቡ ይጽናና። በዚያውም ደብሩ ውስጥ አንድ የቄስ ቦታ ክፍት ነው፤ ሰው አንዴ ከሰማው ማንም አይቃወምም አሉት። ሐብተ ማርያም ስለ ቦታው ሲሰማ የታየው ደመወዙ አልነበረም። ከዚያች ደብር እስከ ቀሐ በእግር ይኬዳል። በየቀኑ ሄዶ ደጁ ላይ ቢቆም አማቱ እስከ መቼ ትከለክለዋለች?

በጳጉሜን መጨረሻ ቀን ከዳባት ሚኒባስ ተሳፍሮ ወረደ። ፍተሻው ብዙ ነበር። ጎንደር መግቢያ ወለቃ ላይ ጎማ ሲታይ ወርዶ መንገድ ዳር ከተደረደረው የሸክላ ዕቃ መካከል አንዲት ትንሽ ወፍ ገዛ። ለዘጠኝ ወር ልጅ ምን እንደሚገዛ አያውቅም። ሻጯ ትሰብራታለች ብትለው «ትስበራት» አለ።

እናኑ ክፍሏ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ዳዴ ትላለች። ሐብተ ማርያም ሲገባ ሕፃኗ ቀና ብላ ጥምጥሙንና ጺሙን አየች፤ ከዚያ አፏን ከፍታ አለቀሰች። ወፊቱን ቢሰጣት ጊዜ ዝም ብላ ወደ አፏ ከተተቻት። የፋሲካ ግንባር፣ የፋሲካ ቅንድብ ነበራት፤ ሊነካት እጁን ዘርግቶ ፈርቶ መለሰው። እናኑ ሰሃኗን ሳታስቀምጥ ምነው በዓሉን ጥለው መጡ አለችው። የተጠራበትን ነገራት። ሰምታዋለች፤ ደብሩ በድምፅ ማጉያ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነግር ነበር። ከዚያ ወዲያ ወራት ሙሉ በሆዱ የያዘውን ጠየቃት።

«እናቴ፣ የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ። ስጸልይ እንኳ የምጠራበት የለኝም።»

«ስም የላትም» አለች እናኑ።

አልገባውም። እናኑ አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወረወረች።

«አልተነሣችም እኮ ነው የምልዎ።»

ሐብተ ማርያም በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ክርስትና በሳምንት የዘገየበትን ገበሬ በአደባባይ የሚገሥጽ ቄስ ነው። ልጅ ሳይጠመቅ ቢሞት ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ራሱ ለሌሎች ሲያስተምር ኖሯል። አሁን የገዛ ልጁ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ በዚህ ኩፍኝና ተኩስ መካከል፣ ያለ ማዕተብ አንገቷ ባዶውን ዳዴ ትላለች። ተቆጣ። ብትሞትስ ኖሮ አላት።

«እሱን ሳስብ ነው የከረምሁ» አለች። «ትኩሳት በያዛት ቁጥር ጠበል እየረጨሁ ሳልተኛ አነጋለሁ። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁ። ኃጢአቱ የኔ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን ሚስትዎ ስትሞት ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ልጅዎ ክርስትና ስትነሣም ቅዳሴ ላይ ሆነው እንዲቀሩ አልፈቀድሁም። አባቷ እስኪመጣ ብዬ ነው።»

«ነነዌ ነበር እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ሲጀምረው ራሱ እንዴት እንደሚሰማ ሰማው።

እናኑ ልጅቷን አንሥታ አፍንጫዋን ጠረገችላት። ነገ ትነሣ አለች፤ የክርስትና እናት ኤሌኒ ትሆናለች፤ ውኃውም ቀዝቃዛ ነው እንጂ አይገድላትም። ከዚያ ቀስ ብላ የፈለገችውን ነገረችው።

«እርስዎ ግን ነገ መቅደስ አይገቡም። እንደ ማንም አባት ልጅዎን ታቅፈው ከኔ ጎን ይቆማሉ። ከገቡ እሷን ይዤ እሄዳለሁ፤ ወዴት እንደ ሄድሁም አይሰሙም።»

እሺ አላት። ማታውን ሄዶ ለመልአከ ሰላም ነገራቸው፤ ልጄ ነገ ትጠመቃለች፣ እኔ አልቀድስም አለ። ሰውዬው ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም። ልጅቷ እዚሁ ተጠምቃ፣ አባቷ እዚሁ ሲመሰክር፤ ይህማ ለጉባኤው ሌላ በረከት ነው አሉ። ለቅዳሴው ከጠዳ የሚመጣ ቄስ መድበዋል፤ ምንም አታስብ አሉት። ሐብተ ማርያም አመስግኖ ወጣ፤ ሌሊቱን ግን ነገ ምን ብሎ እንደሚናገር ሲያስብ ቃሉ ጠፋው። ዓመት ሙሉ አፉ ላይ የነበረ ወሬ ነው።

ጥምቀቱ ሳይነጋ ተፈጸመ። ምስጢር ውኃው ሲነካት ጩኸቷ ቅጥሩን ሞላው፤ ዕለቱ የቅዱስ ዮሐንስ ነውና ወለተ ዮሐንስ ተባለች። ሜሮን ተቀባች፤ ማዕተብ ታሰረላት። ኤሌኒ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ለአባቷ ስትሰጠው እንደገና የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ልጅቷ ግን ደክሟት ነበር። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና ተኛች። ሐብተ ማርያም እንዳትነቃበት ትንፋሹን ሳይቀር ቀነሰ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ደስታውም አስፈራው። ከእናኑ ጋር በጥምቀት ቤቱ ደጅ፣ ጤዛው ላይ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆሙ።

መልአከ ሰላም ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው በጥድፊያ ሲመጡ ያየው ያኔ ነው። ከጠዳ የሚመጣው ቄስ ቀርቷል፤ ማታ አዘዞ ላይ ተኩስ ተነሥቶ መንገዱ ተዘግቷል። የደብሩ ሌላው ቄስ ደግሞ ለበዓል አገሩ ሄዷል። አንድ ካህን ጎደለ።

«ልጅቷን ለሴቶቹ ስጥና ና ልበስ» አሉት።

ሐብተ ማርያም ወደ እናኑ ዞረ። እናኑ አላየችውም፤ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ልትናገርም፣ ልትለምንም አይደለም። እሱ ከገባ ልትሄድ እንደ ቆረጠች ከአቋቋሟ ያስታውቃል።

«ዛሬ አልገባም፤ ለአማቴ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

«የዘመን መለወጫ ቅዳሴ ሊታጎል ነው የምልህ። ሌላ ቄስ የለም።»

ይችን ቃል እሱ ነው ዓመት ሙሉ የተናገራት። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማት ግን እንደ ሰበብ ሆና ተሰማችው፤ ስትባልም ቀላል ነበረች። በዙሪያቸው የቆሙ ሰዎች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። ያ ነው፣ የኅዳሩ ቄስ እሱ ነው የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ካህን ሆኖ ቅዳሴ ይቅር ማለት ምን እንደሆነ ካህን ያልሆነ ሰው አያውቀውም። ልጅቷን አጥብቆ ያዘ።

«ሌላ ይፈለግ» አለ። «እኔ አልገባም።»

መልአከ ሰላም አስናቀው ለአፍታ አዩት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንዲህ ከሆነ ጉባኤው ላይ መቆሙም፣ የቦታው ነገርም እንደቀረ ነግረውት ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ሐብተ ማርያም የሚወርድበትን ጠበቀ። ደወሉ ሳይደወል ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲበተን፣ ሰው ሁሉ በጣቱ ሲጠቁመው በዓይነ ሕሊናው ታየው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ካሉት የመቃብር ቤቶች ወደ አንዱ ሮጦ ሄደና አንድ ሽማግሌ ቄስ በክንዳቸው ይዞ መጣ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጀርባቸው ጎብጧል። ሌሊቱን ማኅሌቱን ከጥግ ሆነው ሲሰሙ አድረው፣ እህል ሳይቀምሱ ተቀምጠው ነበር። አርጅተዋል ተብለው ከተተዉ ወዲህ ቀድሱ ያላቸው አልነበረም። ሽማግሌው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ ፊታቸው በርቶ ነበር። ወዲያው ደወሉ ተደወለ። ሰው ተሳለመና ፊቱን ወደ መቅደሱ አዞረ፤ ሐብተ ማርያምን የሚያይ አንድ እንኳ አልቀረም።

ያኔ ነው ሐብተ ማርያም ራሱን መጠየቅ የጀመረው። ቅዳሴው ቢታጎል ይሻለው ነበር። ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ፣ ኅዳር ላይ የጠየቀው ማንን ነበር? ማንንም። በጓሳ ሜዳ ማርያም ጀርባ ባለች ጎጆ አባ ገብረ ኪዳን የሚባሉ መነኩሴ ይኖራሉ፤ ያረጁ ቢሆኑም በክረምት ሰው ሲጠፋ ይቀድሳሉ። ያን ዕለት ንጋት አባይነሽ ስታነጋግረው እኚህ ሰው አእምሮው ውስጥ ብልጭ ብለውበት ነበር። ያለፋቸው አውቆ ነው። ከዳባት የመጡ ሊቃውንት ነበሩ፤ አዲስ የቅዳሴ ልብስ ተሰፍቶለት ነበር፤ የበዓሉን ተራ ለሽማግሌ ሊለቅ አልወደደም። ነገሩ ይኸው ነው። በዚህ ላይ ነው ዓመት ሙሉ ምስጋና ሲለብስ የከረመው።

ለእናኑ ሊነግራት ይገባል ብሎ አሰበ። ብትሄድም ትሂድ። ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«አባ ገብረ ኪዳን ነበሩ» አላት።

ከውስጥ የሽማግሌው ቄስ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም። እናኑ ስትመልስለት «አንቱ»ን ትታዋለች።

«አውቃለሁ» አለችው። «አባይነሽ ወዳንተ ስትመጣ በጎጇቸው በኩል ነበር ያለፈችው። ነግራቸው ነበር። እጃቸውን ታጥበው፣ በራቸው ላይ ቆመው፣ ይጠራኛል ብለው ሲጠብቁህ ነው ያረፈዱት።»

ሕዝቡ ለካህኑ ሲመልስ ሐብተ ማርያም አቀርቅሮ አለቀሰ። እንባው በጺሙ ላይ ወርዶ የልጅቷን ነጠላ ነካ። ክንዱ ዝሎ ነበር፤ እናኑም አይታዋለች። ልጅቷን ግን አልተቀበለችውም፤ እጇን ዘርግታ እንዳትወድቅ ከሥር ደገፈቻት።